ስለ ታኅሣሥ ተወርዋሪ ከዋክብት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ ግን ከቤታችን ጣራ በላይ ስላለው ነገር ልንጽፍ አስበናል፤ ይኸውም በያመቱ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ በሰማይ ላይ በብዛት ስለሚታዩት ተወርዋሪ ከዋክብት ነው። ነገሩ ለከዋክብት ሊቃውንት ብቻ የተተወ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የአባትና የእናት ጉዳይ ነው። ልጅ በሌሊት ከሰማይ ብርሃን ሲወረወር ባየ ጊዜ መጀመሪያ ዘወር ብሎ የሚመለከተው የወላጁን ፊት ነውና። በወላጁ ፊት ላይ ፍርሃትን ያየ እንደ ሆነ ፍርሃትን ይማራል፤ ደስታንና ማስተዋልን ያየ እንደ ሆነ ግን ጠያቂና ተመራማሪ ይሆናል።

የደሴ ከተማ ከሰማይ ጋራ ያላት ዝምድና ከስሟ ይጀምራል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓመት በዚህ ስፍራ ሰፍረው ሳሉ፣ በቀን ብርሃን ሳይቀር የሚታይ ጅራታም ኮከብ ተመልክተው እጅግ ስለ ተደነቁ፣ በስፍራው ከተማ እንዲቈረቈር ፈቅደው ደሴ ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም «ደስታዬ» ማለት ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቈጣጠር በመስከረም 1875 ዓ.ም.፣ በቀትር እንኳ ከፀሐይ አጠገብ የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ በልዩ ልዩ አገር ታይቶ በሊቃውንት መዝገብ ተጽፏል። ጅራታም ኮከብ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የጦርነት፣ የረሃብና የንጉሥ ሞት ምልክት ነው እየተባለ ሲፈራ የኖረ ነገር ነው። እዚህ ግን ሌላው የሚፈራው ምልክት የደስታ ስም ወጣለት። እንግዲህ በጦሳ ተራራ ግርጌ የምንኖር ሰዎች ወደ ሰማይ በደስታ ማየትን ከከተማችን ስም ልንማር ይገባናል።

ነገር ግን ጅራታም ኮከብና ተወርዋሪ ኮከብ አንድ እንዳይደሉ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጅራታም ኮከብ ከምድር እጅግ ርቆ ፀሐይን የሚዞር ትልቅ አካል ስለ ሆነ ለብዙ ቀንና ለብዙ ሳምንት ይታያል። ተወርዋሪ ኮከብ ግን ስሙ ኮከብ ይባል እንጂ ኮከብ አይደለም፤ በጠፈር ውስጥ ሲዞር የኖረ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የትንሽ ጠጠር መጠን ያለው ነገር ነው። ይህ ቅንጣት ወደ ምድራችን አየር ሲገባ ከፍጥነቱ የተነሣ በፊቱ ያለውን አየር በኃይል ስለሚያምቀው አየሩም ቅንጣቱም እጅግ ይግላሉ፤ ያበራሉ፤ ቅንጣቱም በዚያው ተቃጥሎ ያልቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከምድር በላይ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። የታኅሣሦቹ ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ የሚጓዘው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ መኪና በስንት መታጠፊያ ተጨንቆ የሚጨርሰውን ይህን ርቀት ተወርዋሪው ኮከብ አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ በፈጸመው ነበር ማለት ነው።

በያመቱ በተወሰነ ሌሊት በብዛት መምጣታቸውም ምክንያት አለው። በበጋ ወራት በጥርጊያ መንገድ የሄደ መኪና ከኋላው አቧራ እንደሚተው፣ ፀሐይን ከሚዞሩት አካላት አንዳንዶቹ በመንገዳቸው ላይ ትቢያ ይተዋሉ። ምድራችንም በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይን ስትዞር ያንን የትቢያ መንገድ በዚያው ስፍራና በዚያው ወቅት ታቋርጠዋለች። የታኅሣሦቹ ተወርዋሪዎች በመዝገብ መጻፍ የጀመሩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓመት፣ በእኛ በታኅሣሥ 1855 ዓ.ም.፣ በአገራችን አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳሉ ነው። የትቢያው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በኋላ በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ በ1983፣ ሙቀትን የሚለይ መሣሪያ የተጫነባት ሳተላይት ስፋቱ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዓለታማ አካል አገኘች፤ መንገዱም ሲመረመር ከትቢያው መንገድ ጋራ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን አካል ፋኤቶን ብለው ጠሩት። ፋኤቶን በግሪኮች ተረት የፀሐይን ሠረገላ ካልነዳሁ ብሎ አባቱን ያስጨነቀ ልጅ ነው፤ አባቱ እምቢ ማለት ስላልቻለ ልጁ ፈረሶቹን መግታት አቅቶት ጠፋ ይባላል። የተረቱ ምክር ለእኛም ለወላጆች የሚሆን ነው፤ ይሁን እንጂ ስሙ የወጣለት አካሉ ወደ ፀሐይ እጅግ ስለሚቀርብ ነው። ከዓጣርድ ይልቅ ወደ ፀሐይ ገብቶ፣ እስከ 21 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርቦ ይመለሳል፤ አንዱን ዙር ለመፈጸምም 524 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ ሁለቱ ዳሮቹ በሩቅ የተገናኙ መስለው እንደሚታዩ፣ እነዚህም ተወርዋሪዎች ከአንድ ስፍራ የሚነሡ ይመስላሉ። ስፍራውም የአገራችን ሊቃውንት ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያሉ ከሚቈጥሯቸው ከ12ቱ መካከል ሦስተኛው ገውዝ ነው። አውሮፓውያን «መንትዮች» ይሉታል። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው መንትዮቹን በሌላ ስም ያውቃቸዋል፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ከመላጥያ ደሴት ወደ ሮሜ የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብ የዲዮስቆሮስ ምልክት እንደ ነበረባት በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 28 ተጽፏልና፤ ዲዮስቆሮስ የተባሉትም እነዚሁ መንትዮች ናቸው።

በሌላው ዓለም ይልቁንም በአውሮፓ እጅግ የሚወደሱት በነሐሴ 6 ለ7 አጥቢያ የሚታዩት ናቸው። በእኛ አገር ያ ሌሊት በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ብዙ ሰው ለጸሎት ነቅቶ ያድራል፤ ነገር ግን የወሎ ሰማይ በዚያን ጊዜ በክረምት ደመና ስለሚሸፈን ከዋክብቱ ቢወረወሩም የሚያያቸው የለም። በኅዳር 8 ለ9 የሚታዩት የአሰድ ተወርዋሪዎች ደግሞ በ33 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ካልሆነ በቀር ብዙ አይሆኑም። ታኅሣሥ ግን ለእኛ የተመቸ ነው። ዝናቡ አልፏል፤ ደመናው ተገፍፏል፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ የነቢያት ጾም ስለ ሆነም ለኪዳንና ለማኅሌት የሚነሣው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አውሮፓዊው በብርድና በደመና የሚነፈገውን የታኅሣሥ ሰማይ እኛ ከደጃችን ቆመን እናየዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ተወርዋሪ ኮከብ ሲታይ «ሰው ሞተ» ወይም «ትልቅ ሰው ሊሞት ነው» ማለት በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው። በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሰበራል፤ ልጅም አያቱ ታመው ሳለ ኮከብ ሲወረወር ቢያይ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ይህ አባባል ግን በፍርድ ሚዛን ቢመዘን አይቆምም። በችሎት ፊት አንድ ነገር የሌላው ምልክት ነው የሚል ሰው ሁለቱ አብረው መምጣታቸውንና አብረው መቅረታቸውን ማስረዳት ይገባዋል። እነዚህ ተወርዋሪዎች ግን በያመቱ በአንድ ሌሊት በመቶ የሚቈጠሩ ሆነው ይመጣሉ፤ በዚያች ሌሊት ብቻ ሰው ከሌላው ሌሊት ይልቅ በመቶ እጅ አይሞትም። ይልቁንም ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አለ። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቢሰጥም ማንም አያውቀውም። እነዚህ ከዋክብት ግን ቀጠሮ አላቸው፤ ቀጠሮአቸውንም ያከብራሉ። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነገር የድንገተኛ ሞት መልእክተኛ ሊሆን አይችልም።

ይህን ስንል የሃይማኖትን ነገር መንካታችን አይደለም። ወሎ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋጋበት አገር ነው። በእስልምና ትምህርት ተወርዋሪው ነበልባል ሰይጣናት ከሰማይ ደጅ የሚባረሩበት መሆኑ ይነገራል፤ በክርስቲያኑም ወንጌል የከዋክብት መውደቅ ከዓለም ፍጻሜ ጋራ ተያይዞ ይነበባል። የአንዱም የሌላውም መምህር ግን ተወርዋሪ ኮከብ ያየ ሰው ጎረቤቱ እንደ ሞተ ይመን ብሎ አላስተማረም። በአገራችን በግእዝ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክም ሰፊ ክፍሉን የሰጠው ለሰማይ ብርሃናት ሥርዓት ነው፤ መውጫና መግቢያቸው የተወሰነ መሆኑን ያስተምራል። ስለዚህ የሰማይን ሥርዓት መመርመር ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም።

ይህን ጉዳይ ዛሬ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ያነሣንበት ሌላ ምክንያትም አለ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። መንግሥት ሁለቱን ከተሞች ማስለቀቁን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በሰባተኛው ቀን የታኅሣሥ 4 ሌሊት ደረሰ፤ ከዋክብቱም እንደ ልማዳቸው መጡ። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ከየቤቱ ወጥቶ ሰማይን በደስታ ሊመለከት የሚችል ስንት ሰው ነበር? በዚያ ወራት ሕፃናት ከሰማይ የሚመጣ ብርሃን፣ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ክፉ ነው ብለው ተማሩ። ያን ጊዜ እውነት ነበርና ወላጅም አላስተባበላቸውም። ዛሬ ግን እነዚያ ሕፃናት አድገዋል፤ ፍርሃቱ አብሮ ያደገባቸውም አሉ። በጦርነት የተማረውን ፍርሃት በቃል ምክር ብቻ ከልጅ ልብ ማውጣት አይቻልም። አባት ልጁን በጋቢው ሸፍኖ አቅፎ፣ ብርሃኑ ሲመጣ «ይህ ቀጠሮ ያለው ብርሃን ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ማንንም አይጎዳም፤ በሚመጣውም ዓመት በዚህ ቀን ይመጣል» ብሎ ቢያሳየው፣ ልጁ ከሰማይ የሚመጣ ብርሃን ሁሉ አንድ እንዳይደለ በዓይኑ አይቶ ይለያል።

እንግዲህ ለማየት ለሚፈልግ ቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ምክር ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

ቀኑን ለማስታወስ የታኅሣሥ በዓታን በዓል ማሰብ ይበቃል። በዓሉ በታኅሣሥ 3 ከዋለ በኋላ የማግስቱ ሌሊት ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን ጳጉሜን 6 ሆና ዘመኑ ስለሚዘገይ ከበዓታ በዓል ጋራ ይገጥማል፤ ይኸውም ታኅሣሥ 3 ለ4 አጥቢያ ማለት ነው። አንድ ሌሊት ቢቀድም ወይም ቢዘገይም ባዶ አይሆንም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደብዛዛዎቹን ስለምትሰውር፣ የጨረቃዋን ቀን ሠርቀ ሌሊት ከሚቈጥሩት ካህን ወይም የሂጅራን ወር ከሚያውቁት ሼኽ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል። ጨረቃዋ የምትጠልቅ ከሆነ ከጠለቀች በኋላ መውጣት ነው።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ገውዝ በደሴና በኮምቦልቻ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ብቅ ይላል። ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ምሥራቅ ብንመለከት በኦሪዮን ውስጥ በአንድ መስመር የተሰለፉትን ሦስት ከዋክብት እናገኛለን፤ ከእነርሱ በስተ ግራ ዝቅ ብለው ጎን ለጎን የሚታዩት ሁለት ብሩህ ከዋክብት የገውዝ መንትዮች ናቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በራሳችን አናት አጠገብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብለው ይደርሳሉ፤ ተወርዋሪዎቹ የሚበዙትም ያን ጊዜ ነው። ትንንሽ ልጆች እስከዚያ መንቃት ስለማይችሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ቢቀመጡ ይበቃቸዋል። በዚያ ሰዓት የሚታዩት ቍጥራቸው ቢያንስም በሰማይ ላይ ረጅም መንገድ የሚሄዱት በዚያን ጊዜ ስለ ሆነ ለልጆች እጅግ ያምራሉ።

መሣሪያ አያስፈልግም። በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የከዋክብት መመልከቻ እያንዳንዱ 1 ሜትር መስተዋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፕ አለው፤ እርሱ ግን ሩቅ ያሉትን ከዋክብት ለመመርመር ነው። ተወርዋሪን ለማየት ሰፊ ሰማይን በአንድ ጊዜ የሚያይ የሰው ዓይን ከቴሌስኮፕ ይሻላል። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ በዚህ ጊዜ ስልክ ማብራት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የስልክ ብርሃን ያየ ዓይን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራልና። የደጅ መብራት ይጥፋ፤ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ሁሉም በጀርባው ይጋደም፤ መንትዮቹን ብቻ ትኩር ብሎ ሳይመለከት ሰማዩን በሰፊው ይመልከት።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች የታኅሣሥ ሌሊቷ ውርጭ ያለበት ነው፤ ስለዚህ ለልጆች ከጋቢ ላይ ብርድ ልብስ፣ ለእግራቸውም ካልሲ አይርሳ። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ ነገር ግን የፋብሪካዎቿና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ መብራት ስላለ ከመብራቱ ጀርባ የሚሰውር ግድግዳ ወይም ዛፍ መፈለግ ያስፈልጋል። የቤት እመቤቶች ሞቅ ያለ ሻይና የገብስ ቆሎ ቢያዘጋጁ ለጾሙም ለብርዱም ይስማማል። የሌሊት መንቀሳቀስ በተከለከለበት ጊዜ ከግቢ መውጣት አይገባም፤ በሐረጎ መንገድ ዳር ቆሞ መመልከትም ሞትን መጥራት ነው። የገዛ ግቢያችን ሰማይ ይበቃናል።

ቍጥሩም ይጻፍ። ሊቃውንት ሰማዩ ፍጹም ጨለማ፣ ገውዝም በራስ አናት ላይ ቢሆን አንድ ሰው በሰዓት ከ120 እስከ 150 ይቈጥራል ይላሉ። በከተማ መብራት መካከል ያለ ሰው የሚያየው የዚህን ጥቂቱን እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ያየ ቤተ ሰብ ቅር አይበለው። ከልጆቹ አንዱ በደብተር ላይ ሰዓቱን፣ ያየውንና ደማቅ ወይም ደብዛዛ መሆኑን ይጻፍ። በዚህ ሥራ ውስጥ ታላቅ ትምህርት አለ። ልጅ ያየውን ብቻ እንዲጽፍ፣ ያላየውን ወንድሙ ስላየ ብሎ እንዳይጨምር ቢለማመድ፣ ነገ ሰው ሆኖ በችሎት ፊት በቆመ ጊዜ እውነተኛ ምስክር ይሆናል። ደብተሩም ለሚመጣው ዓመት ይቀመጥ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ልጁ ራሱ ገልጦ ሲያስተያይ ቀጠሮው መከበሩን ከአባቱ ቃል ሳይሆን ከገዛ እጁ ጽሕፈት ያነባል።

በመጨረሻም ሥልጣን በእጃቸው ላለ አንባቢዎቻችን አንድ ቃል እንናገራለን። የመንገድ መብራት ለከተማ ደኅንነት የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ብርሃኑ ወደ ሰማይ የሚበተን መብራት ገንዘብን ያለ ጥቅም ያቃጥላል፤ ለመንገደኛውም አይረባም። ከላይ ክዳን ያለውና ወደ መሬት ብቻ የሚያበራ መብራት ቢሰቀል መንገዱ ይበራል፤ ሰማዩም ለልጆቻችን ይተርፋል። ከዋክብት በማየት የተሰየመች ከተማ ከዋክብት የማይታዩባት ብትሆን ያሳፍራል። የትምህርት ቤት ሹማምንትም መምህራን በኅዳር መጨረሻ ለተማሪዎች ስለዚህ ሌሊት እንዲያስረዱ ቢያደርጉ ወጪ የሌለው ትምህርት ነው።

የከተማችን ስም በሰማይ ብርሃን ደስ በመሰኘት ከወጣ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ጅራታም ኮከብ በእኛ ዕድሜ አይመለስም፤ የታኅሣሥ ተወርዋሪዎች ግን በያመቱ ይመጣሉ። ወላጆች ሆይ፤ በዚያች ሌሊት ልጆቻችሁን ቀስቅሱ። ብርሃኑ ሲወረወር ዘወር ብለው የእናንተን ፊት በሚያዩ ጊዜ ሌሊቱ የሚያሳያቸው ደስታ እንዲሆን እንመኛለን።